ለ11 ራፐር አንድ አዝማች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጎንደር ያለነው 9፣ አዲስ አበባ ያሉት 2፣ በድምሩ 11 ራፐሮች አንድ ዘፈን እየሠራን ነው። ቢቱ 90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) ነው፤ መሲንቆ አለበት። ሁሉም 16 16 ባር ጽፏል። አዝማቹን 5 ጊዜ አስገብተን ስናገጣጥመው ወደ 10 ደቂቃ ተጠጋ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው አይገጥምም፤ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ ከቢቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። አሁን ጥቅምት ነው፤ ለጥምቀት ማድረስ እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?»

ከሂሳቡ ጀምሩ። ማይክ ከመነካቱ በፊት መዘጋት የነበረበት ሂሳብ ክፍት ስለቀረ ነው ሌላው ሁሉ የተበላሸው። አዝማች የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል፦ እየተመላለሰ የሚመጣው የዘፈን ክፍል አዝማች ነው፤ ጦሩን የሚያዘምተውም አዝማች ነው። 11 ሰው የሚገባበት ዘፈን ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ምረጡና የባሩን ቁጥር፣ የተራውን ቅደም ተከተልና የመጨረሻውን ቁረጥ-ቀጥል እሱ ይወስን። በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ከሆነ ማንም የራሱ ቨርስ (የራፕ ድርሻ) እንዲቆረጥ አይመርጥም፤ 10 ደቂቃ ላይ የደረሳችሁትም በዚሁ ነው።

በ90 ቢፒኤም አንድ ባር 4 ምት ነው፤ 2.67 ሰከንድ ይፈጃል። 16 ባር 43 ሰከንድ ገደማ ነው። 11 ሰው በ16 ሲባዛ 176 ባር፣ 8 ባር የሆነው አዝማች 5 ጊዜ ሲመለስ 40፣ መግቢያው 4፦ ድምሩ 220 ባር፣ 9 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ። 16 ባር ለብቻ ለሚዘፍን ወይም ለ3 እና ለ4 ሰው የሚሆን ልክ ነው። ለ11 ሰው ልኩ 8 ነው።

እንዲህ አሰልፉት፦ የአዝማቹ ግማሽ እንደ መግቢያ 4 ባር፤ 3 ራፐር፤ ሙሉ አዝማች 8 ባር፤ 4 ራፐር፤ አዝማች፤ 4 ራፐር፤ አዝማች፤ መዝጊያ 4 ባር። ሲደመር ልክ 120 ባር፣ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቡድን 3 ያደረግሁት ሙሉው አዝማች ቶሎ፣ በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ላይ እንዲደርስ ነው። 4 ሰው አስቀድማችሁ ብታሰልፉ ወደ 1 ደቂቃ ከ36 ይገፋል፤ እስከዚያ አዝማቹን ያልያዘ አድማጭ ብዙ አይጠብቅም። ከ8 ባር ማንም አያልፍም። መሪውም አያልፍም፤ ስቱዲዮው የእሱ ቢሆንም አያልፍም። አንድ ሰው 12 ከተፈቀደለት በማግስቱ አሥሩም 12 ይጠይቃሉ።

16ቱን ወደ 8 ስታወርዱ የመጀመሪያዎቹን 8 መስመሮች ይዛችሁ የኋለኞቹን አትጣሉ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዎቹን 4 መስመሮች የሚጽፈው ለማሟሟቅ ነው፤ ስሙን ይጠራል፣ ሰፈሩን ይጠራል፣ መጣሁ ይላል። 11 ሰው በተራ «መጣሁ» ሲል አስቡት። ስምና ሰፈር በአድሊብ፣ ከኋላ በሚገባ አጭር ጩኸት ይነገር፤ ከስንኙ ቦታ አይውሰድ። ከ16ቱ ውስጥ ሌላ ማንም ሊጽፈው የማይችለውን መስመር ፈልጉ፤ እሱን 7ኛና 8ኛ ባር ላይ አስቀምጡና ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ገንቡ።

አሁን ወደ ስንኙ ልግባ፤ የአማርኛ ራፕ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነውና።

አንድ ባር ውስጥ 16 ትንንሽ ሳጥኖች አሉ በሉ፤ በ90 ቢፒኤም እያንዳንዱ ሳጥን 167 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚሰማው ከበሮ) የሚመታው 5ኛውና 13ኛው ሳጥን ላይ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጆሯችን የለመደው ወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ደግሞ 12 ቀለም (ሲላብል) አለው፤ 6 ብሎ ያርፍና 6 ይደግማል። 12 ቀለም 16 ሳጥን ውስጥ ሲገባ 4 ሳጥን ይተርፋል። ትርፉ የትንፋሽ ቦታ ነው። ለምሳሌ ይህችን ውሰዱ፦

ማይኩ አንድ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ ነው አፉ፤
ተራ ጠብቁና ስንኝ አሳልፉ።

«ማይ-ኩ-አንድ-ብ-ቻ-ነው» ከ1 እስከ 6 ይገባል፤ «ቻ» ስኔሩ ላይ ትወድቃለች። ሁለተኛውን ግማሽ ከ9ኛው ሳጥን ብትጀምሩት ግን «አ» ስኔሩ ላይ ትውልና ቤት የሚመታው «ፉ» ስኔሩን ያልፈዋል። ቤቱ እየመታ ሳይሰማ የሚቀረው በዚህ ነው፤ ጸሐፊው ግጥሙ ላይ ጥፋት ይፈልጋል፣ ጥፋቱ ግን አነሳሱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ አንድ ሳጥን አስቀድማችሁ ከ8ኛው ጀምሩት፦ አሥ 8፣ ራ 9፣ አንድ 10፣ ነው 11፣ አ 12፣ ፉ 13። አሁን «ፉ» እና ስኔሩ አብረው ይወድቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ሳጥኖች፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ፣ ትንፋሽ ለመሳብ ይበቃሉ። ሁለተኛውን መስመርም በዚሁ ቁጠሩት፤ «ስ-ንኝ-አ-ሳል-ል-ፉ» ከ8 እስከ 13 ነው። ሁሉም ራፐር ቨርሱን በካሬ ወረቀት ላይ እንዲህ ቀለም በቀለም ጽፎ ይምጣ። 8 ባር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያተርፈው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ሁሉም በ12 ቀለም ይሂድ ማለቴ አይደለም። 11 ሰው በአንድ ልክ ከሄደ አድማጩ አራተኛው ላይ ይታክታል። አንዱ በ10 ቀለም፣ በሰንጎ መገን ልክ፣ 5 ብሎ 5 ይድገም፤ ሌላው 15 እና 16 ይሙላ። 16 ቀለም በአንድ ባር ማለት በሰከንድ 6 ቀለም ነው፤ ይቻላል፣ ግን ከ2 ባር በላይ ትንፋሽ አይገኝለትም። ፈጣኑን ሰው 2 ባር አስሩጡትና ሦስተኛው ላይ አሳርፉት።

ሲሮጡ የሚጠፋው ደግሞ ጥብቀት ነው። «ጎንደር አለ» ብትሉ «ለ» ሲላላ ጎንደር ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ጎንደር እዚህ አለ ነው። «ገና» ሲላላ ቀሪ ጊዜ አለ ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃው ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ ስለዚህ ቢቱ ሲያጣድፈው የጠበቀው ላልቶ ይወጣል፣ ወርቁም አብሮ ይፈሳል። ወረቀቱ ላይ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አድርጉ። ከእሱ በፊት ያለውን ቀለም ሁለት ሳጥን ስጡት፤ ካልሆነም ጠንካራ ምት ላይ አውሉት። ቅኔ ለበስ መስመር የያዘ ሰው ይህን ሳይሠራ ማይክ ፊት አይቁም፤ ሰሙ ብቻ ይሰማለታል።

ቤት ስትመቱ ደግሞ ግስ በግስ አትምቱ። መጣሁ፣ በላሁ፣ ረታሁ፣ ወጣሁ እያሉ መቀጠል በአማርኛ ድካም አይጠይቅም፤ ቋንቋው ራሱ «ሁ» ብሎ ይጨርስላችኋል። 11 ሰው በ«ሁ» ከጨረሰ ዘፈኑ አንድ ረጅም «ሁ» ይሆናል። ስምን ከግስ፣ ቅጽልን ከስም ግጠሙ። ከላይ «አፉ» ስም ነው፣ «አሳልፉ» ግስ ነው፤ ቤቱ ክብደት ያለው ለዚህ ነው። መሪው የሁሉንም ቨርስ የመጨረሻ ቃላት በአንድ ገጽ ይጻፍና ያወዳድር። 3 ሰው በአንድ ፊደል ከጨረሰ ሁለቱ ይቀይሩ።

በተራው ላይ፦ መጀመሪያ የሚገባው ቃሉ በጣም ጥርት ብሎ የሚሰማው ሰው እንጂ ፈጣኑ አይሁን። አድማጩ ቢቱን ገና እየለመደ ነው። መጨረሻ የሚቆመው ከእሱ በኋላ ማንም መግባት የማይፈልገው ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልምድ የሚያንሰውን በሁለተኛው ቡድን መካከል፣ ከሁለት ጠንካሮች መሀል አስገቡት። ድምፃቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አይቁሙ፤ አድማጩ ሰው መቀየሩን አያውቅም፣ የሁለቱም 8 ባር የአንዱ 16 ይመስለዋል። ወፍራም ከቀጭን፣ ዘገምተኛ ከፈጣን እያደረጋችሁ አሰልፉ።

መረካከቢያውንም አስቡበት። የቀዳሚው የመጨረሻ ቃል የተከታዩ የመጀመሪያ ቃል ቢሆን፣ ወይም ተከታዩ በዚያው ፊደል ቤት መትቶ ቢቀጥል ዘፈኑ ቅብብሎሽ ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን ቅደም ተከተሉ ከመጻፉ በፊት መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ተራውን በዚህ ሳምንት ቁረጡና ሁሉም የቀዳሚውን የመጨረሻ 2 መስመር ይወቅ።

አዝማቹን በተመለከተ ሩቅ አትሂዱ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሲንቆው ያወርደዋል። ለ11 ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አይገኝም። አንድ ሰው 1 ባር ይወርውር፣ አሥሩ ተቀብለው 1 ባር ይመልሱ፤ አራት ጊዜ ሲመላለስ 8 ባር ሞላ። የሚመለሰው መስመር ከ6 ቀለም አይብለጥና አይቀያየር፤ ሕዝቡ በሁለተኛው ዙር አብሮ ማለት ካልቻለ አዝማች አይባልም። ተቀባዮቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጉራችሁ በአንድ ማይክ አትቅዱ። 3 3 እያላችሁ፣ ከማይኩ አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ 4 ጊዜ ቅዱ። 12 ድምፅ ታገኛላችሁ፤ ግማሹን ግራ፣ ግማሹን ቀኝ በትኑ። ከዚህ በላይ ስትደራርቡ ቃሉ ይጠፋል።

መሲንቆው ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የአገራችን ጭፈራ ብዙውን ጊዜ በ6/8 ነው የሚሄደው፤ ምቱ ለሦስት ይከፈላል። የእናንተ ቢት ግን ምቱን ለአራት ይከፍላል። መሲንቆኛው ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) ሳይሰማ የተጫወተውን ወስዳችሁ ቢቱ ላይ ብትለጥፉት መጀመሪያው ይገጥምና ሁለተኛው ባር ላይ ይንሸራተታል። በጆሮ ማዳመጫ የ90 ክሊክ እየሰማ ይጫወት፤ 4 ባር ይበቃል፣ እሱን አዟዙሩት። የራፑን ከበሮ ለሦስት መክፈል ከፈለጋችሁም ይቻላል። ያኔ ግን አንድ ባር 12 ሳጥን ብቻ ይኖረዋል፤ 12 ቀለም ያለው ወል ቤት ጢም አድርጎ ይሞላዋል፣ ትንፋሽ የለም። ለዚያ ክፍል መስመሩን ወደ 10 ቀለም አውርዱ። ሁለተኛ፣ መሲንቆ የሰው ድምፅ በሚኖርበት ቦታ፣ ከ500 ኸርዝ እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ባለው ላይ ነው የሚዘፍነው። በቨርሶቹ ሥር ዝም ይበል ወይም ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ያለው በ3 ዴሲቤል ይቀነስለት፤ አዝማቹ ላይ ሙሉ ሆኖ ይመለስ። ቅኝቱን ደግሞ አዝማቹን የሚያዜመው ሰው ድምፁ ከሚደርስበት ተነስታችሁ ምረጡ እንጂ ቢቱ ካለቀ በኋላ ሰውየውን አታስጨንቁት።

ወደ ቀረጻው። ከቢቱ ወደ ኋላ የቀሩት የአዲስ አበባ ልጆች ፍሎው የማይችሉ ሆነው አይመስለኝም። በብሉቱዝ ማዳመጫ ቀድተው ይሆናል፤ ይህ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ ጆሮ ያደርሳል። አንድ ሳጥን 167 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ልጁ በትክክል ቢራፕም ከአንድ እስከ ሁለት ሳጥን ዘግይቶ ይቀዳል። መለያው ቀላል ነው፦ የቀዱትን በሙሉ ወደ ዘፈኑ መነሻ ጎትቱት። ሁሉም መስመር በእኩል ከገጠመ ጥፋቱ የብሉቱዝ ነው፤ አንዱ ገጥሞ ሌላው ከሸሸ ልጁ ይደግመው። ድምፁ ከመዘግየቱም በላይ ወፈር ብሎና ተጎትቶ ከተሰማችሁ ደግሞ በ48 ኪሎ ኸርዝ የተቀዳ ፋይል በ44.1 ተከፍቷል። ያ 8 በመቶ ያዘገየዋል፤ የ90 ቢፒኤም ራፕ 83 አካባቢ ይወርዳል። በመጎተት አይድንም፤ ፋይሉ ተቀይሮ ይግባ።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥቅል ላኩ። ቢቱ ዌቭ ይሁን፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት። ኤምፒ3 አትላኩ፤ ፋይሉ መነሻ ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ባዶ ይጨምራልና። ከመግቢያው በፊት 2 ባር ክሊክ ይኑር። የሚመለሰው ድምፅ ብቻ ነው፦ ያለ ቢት፣ ያለ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት)፣ ያለ ኦቶ ቲዩን (ዜማ አስተካካይ)፤ ፋይሉም ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ይጀምር። የ9ኛው ራፐር ፋይል መጀመሪያ ላይ ከ3 ደቂቃ ተኩል በላይ ዝምታ ቢኖረውም ግድ የለም፤ ስትከፍቱት ራሱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አንድ ደቂቃ ሞኖ በዚህ ጥራት ወደ 8 ሜጋባይት ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን፤ የድምፅ መልእክት ይጨመቃል፣ የ«ስ» እና የ«ሽ» ጥራት ተመልሶ አይመጣም።

ጎንደር ያላችሁት ዘጠኛችሁ ግን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማይክ፣ በአንድ ርቀት ተቀዱ። ድምፃችሁ የማይገጥመው አንዱ ፒያሳ ባዶ ሳሎን፣ አንዱ አዘዞ ቆርቆሮ ሥር፣ አንዱ ማራኪ ዶርም ውስጥ ስለቀዳ ነው። የየክፍሉ ማስተጋባት ከድምፁ ጋር ይጣበቃል፤ ምንም መሣሪያ ሙሉ ለሙሉ አይልጠውም። ትንሽ ክፍል ምረጡ። ከራፐሩ ኋላና ከጎኑ ፍራሽ አቁሙ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ማይኩ የሚያየው ራፐሩንና ከኋላው ያለውን ስለሆነ ከሁሉም የሚበልጠው የኋላው ነው። ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር፣ የትንፋሽ ማጣሪያው (ፖፕ ፊልተር) ከማይኩ ሦስት ጣት ራቅ ብሎ። ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይድረስ። ሲጮኽ ዜሮ የሚነካ ከሆነ ማይኩን ቀንሱ እንጂ ሰውየውን ድምፅህን ዝቅ አድርግ አትበሉት፤ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ኃይሉ አይመለስም።

በመኸር ወራት ዝናቡ ስላለፈ ቆርቆሮው ላይ የሚወርድባችሁ የለም፤ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያሞቀው ቆርቆሮ ይንቋቋል። ቅዳሴና አዛን በድምፅ ማጉያ የሚገባባቸውን ሰዓቶች፣ የባጃጅ ተራ ቅርብ ከሆነም የእሱን ግርግር አስቡ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱና በማዳመጫ ስሙት፤ የምትሰሙት ሁሉ በ11 ቨርስ ተባዝቶ ይመጣል። ላፕቶፑን ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ አሠሩት፤ የ50 ኸርዝ እምምታው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ እንዳይጠፋ የመቅጃ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት፤ በየሰዉ መጨረሻ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ለአንድ ሰው 40 ደቂቃ መድቡ፤ በቀን ከ5 ሰው አትለፉ፣ 2 ቀን ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ራፐሩ፣ ቀጂውና ቀጣዩ ተረኛ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ 3 ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያ የመስመር መጨረሻ ቃላትን ብቻ የሚደግም አንድ ቅጂ፣ ከዚያ አድሊብ። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» የበዛበት ሰው ማይኩን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይዞ ይቁም፤ የእነዚህ ፊደሎች ፍንዳታ ኮምፕሬሰሩን (የጮኸውን ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) ያዘልለውና ቀጣዩን ቀለም ይውጠዋል።

ሚክስ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ፕላግኢን መክፈት ሳይሆን 11ዱን ድምፅ በእጅ እኩል ማድረግ ነው። መስመር በመስመር ጌይኑን አስተካክሉ፤ የሁሉም መጠን በ1 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ይግባ። ከዚያ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ኮምፕሬሰር 3 ለ1 ወይም 4 ለ1፣ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚቀንስ። «ስ» እና «ሽ» የሚያፏጩበትን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ በዲኤሰር ያዙ። ከዚያ 11ዱንም ወደ አንድ ባስ (የጋራ መስመር) ላኩና ሁሉም አንድ ሪቨርብ ይጋሩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ የቆሙ የሚያስመስላቸው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ቀድሞውኑ ማስተጋባት ካለበት ለእሱ ሪቨርቡን ቀንሱለት። ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን) ስትጠቀሙ ግማሽ ምቱ 333፣ ሙሉ ምቱ 667 ሚሊ ሰከንድ ነው። የመስመር መጨረሻ ቃላትን የሚደግሙት ቅጂዎች ከዋናው ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ዝቅ ይበሉ። በየ8 ባሩ መጨረሻ ቢቱን ለግማሽ ባር ዝም አስብሉት፤ አዲሱ ሰው በባዶ ላይ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ይታወቃል።

ማስተሩን (ለመልቀቅ የተዘጋጀውን የመጨረሻ ቅጂ) ከ-14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) ብዙ አታስጩኹት፤ ስፖቲፋይም ዩቲዩብም የጮኸውን መልሰው ያወርዱታል፣ የምታተርፉት የተጨፈለቀ ከበሮ ብቻ ነው። ጫፉ ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ።

ወረቀት ሳትፈራረሙ አትልቀቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 የጋራ ሥራን ያውቃሉ፤ ግጥም የጻፈውም፣ ያዜመውም፣ መሲንቆ የመታውም መብት አለው። ቢቱ 40፣ አዝማቹን የፈጠረው 10፣ የቀረው 50 ለ11 ቢካፈል ለእያንዳንዱ 4.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ልታሻሽሉት ትችላላችሁ። የመሲንቆኛውን ግን ሳትወስኑ አትለፉ፦ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ያበቃል ወይስ ድርሻ አለው? በማን አካውንት እንደሚለቀቅ፣ መድረክ ላይ 5 ሰው ብቻ ቢገኝ ዘፈኑን መዝፈን ይችሉ እንደሆነ፣ አንድ ሰው ቢወጣ ቨርሱ ምን እንደሚሆን እዚያው ላይ ይጻፍ። ቢቱ ከኢንተርኔት በኪራይ የተገኘ ከሆነ ያንኑ ቢት ሌሎችም ይዘውታል፤ ዩቲዩብ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይችላል። የማንንም ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ መስመር እንዳይኖርም መሪው ያንብብ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ 1185/2012 አለ፣ አንዱ ያለው ለ11ዱም ይተርፋል። ቪዲዮውን ፋሲል ግቢ ለማንሳት ካሰባችሁ ግንቡ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነውና ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካሜራ ይዛችሁ በር ላይ አትድረሱ።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። በከተራና በጥምቀት ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ስለሆነ በዕለቱ የወጣ ዘፈን አይሰማም። ከገና በኋላ፣ ጥር 2 ይውጣ፤ እስከ ጥር 11 አዝማቹን ለመያዝ 9 ቀን አለ። ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያደርሰው አከፋፋይ ጋ 4 ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስ ታኅሣሥ 4 ጫኑት። ስለዚህ ሚክሱ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ቀረጻው እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ስንኙ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማለቅ አለበት።

ታኅሣሥ 4 ከመድረሱ በፊት ዘፈኑን በርካሽ ስልክ ስፒከርና በባጃጅ ውስጥ አጫውቱት። ስልኩ ከባሱ ብዙውን አያሰማም፤ ከበሮው ጨርሶ ከጠፋ ባሱ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርግ) ጨምሩ። ከዚያ ዘፈኑን ሰምቶት የማያውቅ ሰው አስቀምጡና የ7ኛውን ራፐር ቃል እየሰማ ይድገምላችሁ። የሳተውን ቃል ምልክት አድርጉ፣ ወደዚያ መስመር ተመልሳችሁ ያንን ቃል ብቻ በ1 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት፤ አሁንም ካልተሰማ መሲንቆው ከሥሩ ይውጣ።